የልጆች ሥዕልና የእጅ ሥራ፦ የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይሸኝ?

ጥያቄ፦ «የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሁለቱም በየሳምንቱ ከትምህርት ቤት ሥዕልና የእጅ ሥራ ተሸክመው ይመጣሉ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ሁሉንም አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ሳጠራቅም ቆይቼ ዘንድሮ ክረምት የታችኛው ግማሽ ሻግቶ አገኘሁት። ባለቤቴ ጣይው ይለኛል። ባለፈው ትንሽ ቀነስ ባደርግ ልጄ ሥዕሉን ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አግኝቶ አለቀሰ። የቱን ላስቀምጥ? የቀረውስ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ? አሜሪካ ያለችው እናቴም ላኪልኝ ትለኛለች።»

ምላሽ፦

ከሻገተው ካርቶን እንጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ የሻገተ ወረቀት ከደኅናው ጋር ከተቀመጠ ብናኙ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ አየሩ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እዚያም ይበቅላል። ልጆቹ ቤት በሌሉበት ሰዓት አፍና አፍንጫዎን ኤን95 በሚባለው ማስክ ሸፍነው ካርቶኑን ወደ በረንዳ ያውጡት። ደኅናውን ለብቻ፣ ነጠብጣብ የጀመረውን ለብቻ፣ ጨርሶ የጠቆረውን ለብቻ ይለዩ። ነጠብጣብ ያለውን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተው ሻጋታው ደርቆ ዱቄት እስኪመስል ይተዉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቶሎ ያደርቃል፤ ግን የፓርከሩን ቀለም አብሮ ይወስደዋል። ከደረቀ በኋላ ውጭ ሆነው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ አይወልውሉት፤ ሻጋታው ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። በረኪናም አያስጠጉት፤ ወረቀቱንም ቀለሙንም ይበላል። እድፉ ግን አይለቅም። ጨርሶ የጠቆረውን ፎቶ አንስተው ያስወግዱ፤ ካርቶኑም ደኅና ቢመስል አብሮ ይጣል።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ወላጅ «ቆንጆውን» ያስቀምጣል፤ እኔ የምለው ሌላ ነው። የሚቀመጠው የልጁ የራሱ የሆነው ነው፤ ማለትም ምን እንደሚሥል፣ እንዴት እንደሚሥል እሱ ራሱ የወሰነበት። ቆንጆ ሆኖ የሚመጣው ሥራ ብዙ ጊዜ የአስተማሪዋ እጅ ያለበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ቀድሞ የታተመው ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት የሚመጣውን ክምር ቢገልጡት ትልቁ ድርሻ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ቢራቢሮ፣ ፊኛ ወይም አበባ ላይ ቀለም የተቀባበት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ሥራ ጎን ለጎን ቢደረደርና ስም ባይጻፍበት የልጅዎን መለየት ይችላሉ? ካልቻሉ ለአንድ ሳምንት ግድግዳ ላይ ይዋልና ይሂድ። አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ። ልጅቱ ከመስመሩ ወጥታ የራሷን ነገር ጨምራበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለቢራቢሮው እግርና ጫማ ሠርታለት ከሆነ፣ ያ ወረቀት የእሷ ሆኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ ልጁ ያለበት ዕድሜ ይመራዎታል። ልጆች በየትም አገር ቢያድጉ አሣሣላቸው ተቀራራቢ መንገድ ይከተላል። አንድ ሚሊዮን ገደማ የልጆች ሥዕል ሰብስባ ያጠናችው አሜሪካዊት ሮዳ ኬሎግ የትንንሾቹን ጭረት ብቻ በ20 መሠረታዊ ዓይነቶች ለይታዋለች። በ2 ዓመት አካባቢ ወዲያ ወዲህ የሚል ጭረት ነው። ወደ 3 ሲጠጋ መስመሩ ዞሮ ይገጥምና የመጀመሪያው ክብ ይወጣል። ከ3 እስከ 4 ባለው ክቡ ሰው ይሆናል፤ ሆድ የለውም፣ እግሮቹ ቀጥታ ከጭንቅላቱ ይወጣሉ። የእርስዎ ታናሽ ልጅ አሁን እዚሁ ላይ ወይም እዚሁ አካባቢ ናት። ከ5 እስከ 7 ከታች የመሬት መስመር፣ ከላይ ሰማያዊ መስመር ይመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ነጭ ቦታ አየር ነው። በዚህ ዕድሜ የቤቱ ግድግዳ መስታወት እንደሆነ ሁሉ ውስጥ ያለው መሶብና አልጋ ከውጭ ይታያል። ከ9 ዓመት በኋላ ልጁ «አልመሰለልኝም» ማለት ይጀምራል፤ ላጲስ ይበዛል፣ ሥዕሉ ያንሳል።

ይህን ካወቁ የሚፈልጉት ይገባዎታል። ከታናሿ የመጀመሪያውን የተገጠመ ክብ፣ የመጀመሪያውን ሰው፣ እጅና ጣት የተጨመረበትን የመጀመሪያ ሰው፣ ሆድ የበቀለለትን የመጀመሪያ ሰው ያስቀምጡ። አራቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ዓመት ሙሉ ይናገራሉ። ስሟን በፊደል የጻፈችበት የመጀመሪያው ወረቀት ይቀመጥ፤ ፊደሉ ተገልብጦ ቢሆን እንኳን አያርሙት። ፊደል መገልበጥ እስከ 7 ዓመት አካባቢ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አይገኝም።

የታላቁ ሌላ ነው። የ9 ዓመት ልጅ እውነተኛ ሥራ የሚገኘው ለአስተማሪ ባስረከበው ወረቀት ላይ ሳይሆን በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። የሰፈሩ ካርታ፣ የኳስ ቡድን አሰላለፍ፣ በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ የሥዕል ታሪክ፣ ራሱ የፈለሰፈው መኪና። በሰኔ ደብተሮቹ ከመሸጣቸው ወይም የቆሎ መጠቅለያ ከመሆናቸው በፊት ከኋላ ጀምረው አንድ በአንድ ይግለጧቸው። ገጹን በእጅ አይቅደዱ፤ ማስመሪያ ይዘው ከስፌቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀው በምላጭ ይቁረጡት።

ልጅ አንድ ነገር ሲወድ ደጋግሞ ይሥለዋል፤ አርባ መኪና፣ አርባ ልዕልት። ከእንዲህ ዓይነቱ ተከታታይ ሥራ ሦስት ይበቃል፦ የመጀመሪያው፣ የመካከሉና የመጨረሻው። ቤተሰቡን የሣለበትን በዓመት አንድ ያስቀምጡ። ቤት የቀየራችሁበት፣ ታናሽ የተወለደበት፣ ደመራ ያየበት፣ ዒድ የዋለበት፣ ወይም አያቱን የጠየቀበት ቀን በሥዕል ከወጣ ይቀመጥ፤ አሣሣሉ ደካማ ቢሆንም ግድ የለም።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል ለብቻው ይታይ። እሱ ሊሰጥ የተሠራ ነው፤ ጎረቤት ቤት መግባቱ ነው ግቡ። አበባውንና መልአኩን ደጋግሞ ሲሠራ ሠላሳም ሊደርስ ስለሚችል በዋዜማው ሁሉንም መሬት ላይ ደርድረው አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ልጁ ራሱ የሚመርጠው አንዱ ብቻ ቤት ይቅር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በጥቁር ቀለም ስለሣለ፣ አባቱን ትንሽ አድርጎ ስለሣለ ብለው ምሥጢር አይፈልጉ። ጥቁሩ የተመረጠው ሌላው ቀለም ስላለቀ ሊሆን ይችላል፤ አባት ያነሰው ቦታ ስላልበቃ ሊሆን ይችላል። አንድ የሚያስፈራ ነገር ለሳምንታት ደጋግሞ ከሣለና አብሮ ጠባዩ፣ እንቅልፉ ወይም ምግቡ ከተለወጠ ግን ሥዕሎቹን ቀን ጽፈው ሳይጥሉ ለባለሙያ ያሳዩ።

ስንት ይቀመጥ? ቁጥሩን ስሜት ሳይሆን ቦታው ይወስነው። 80 ግራም የሚባለው 500 ሉክ አዲስ ወረቀት ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀለም የጠጣና የተኮማተረ የልጅ ሥዕል ግን፣ በመካከሉ ከሚገባው ነጭ ወረቀት ጋር፣ የዚያን አራት እጥፍ ቦታ ይወስዳል። ጀርባው 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦክስ ፋይል እንግዲህ ከ150 እስከ 175 ሥዕል ይይዛል። በዓመት 20 ካስቀመጡ አንዱ ፋይል ለአንድ ልጅ ወደ 8 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቦክስ ፋይል፣ በዓመት 20 ወረቀት፤ ለሚቆሙት የእጅ ሥራዎች ደግሞ ለሁለቱም አንድ ካርቶን ብቻ። ካርቶኑ ሲሞላ አዲሱ የሚገባው አሮጌው ሲወጣ ነው። ይህን ወሰን አስቀድመው ለልጆቹም ለባለቤትዎም ይንገሩ፤ «ጣይው» እና «አልጥልም» የሚለው ክርክር በአብዛኛው የሚነሣው ወሰን ስለሌለ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልቅሶ። ተደብቆ መጣል አያዋጣም፤ ልጅ ያገኘዋል፣ ሲያገኘውም የሚያዝነው ስለ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። የ9 ዓመት ልጅ ስለሆነ በግልጽ ይንገሩት፤ «ሳልጠይቅህ መጣሌ ልክ አልነበረም፤ ከእንግዲህ አብረን ነው የምንመርጠው»። ከዚያ ቃልዎን ይጠብቁ። ምርጫው በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍትና በሰኔ መጨረሻ። ሥራዎቹ በወር ቅደም ተከተል መሬት ላይ ይደርደሩ። መጀመሪያ ልጁ አምስት ይምረጥ፤ እርስዎ አምስት ይምረጡ። በሁለት ዙር 20 ሞላ ማለት ነው። እሱ የመረጠው ለእርስዎ ምንም ባይመስልም አይከራከሩት፤ እርስዎ የመረጡትንም ለምን እንደወደዱት ይንገሩት።

የ4 ዓመቷን ክምር ፊት ለፊቷ አስቀምጠው «የቱን እንጣል?» ቢሏት መልሷ «ምንም!» ነው። ለእሷ ሁለት ሁለት እያደረጉ ያሳዩአት፤ «ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ፋይል ውስጥ ይግባ?»። ከሩብ ሰዓት በላይ አያስቀምጧት፤ ከደከማት ነገ ይቀጥላል። ያልተመረጠው ሁሉ በዚያው ቀን አይጣል። ቀኑ ተጽፎበት በታሸገ ካርቶን ለሦስት ወር ይቆይ። በዚህ ጊዜ ልጁ ስሙን ጠርቶ የጠየቀው ይመለስለታል፤ ያልተጠየቀው ይሂድ። ጀርባው ንጹሕ የሆነው ለሌላ ሥዕል፣ ትልልቁ ለስጦታ መጠቅለያ ይሆናል። ወደ ውጭ ከሚወጣው ላይ የልጁና የትምህርት ቤቱ ስም ያለበትን ጥግ ቀደው ያስቀሩ።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ቀጥሎ ያለውን ነው። ያልተጻፈበት ሥዕል ከአምስት ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ አያውቁትም። በ1956 እ.ኤ.አ. በሩሲያ ኖቭጎሮድ ከተማ መሬት ሲቆፈር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ኦንፊም የሚባል ልጅ በበርች ዛፍ ልጥ ላይ የሣላቸውና ፊደል የተለማመደባቸው ቁርጥራጮች ተገኙ። ዕድሜው ከ6 እስከ 7 እንደሚሆን ይገመታል። በአንደኛው ላይ ፈረስ ጋልቦ ጠላቱን በጦር ሲወጋ ሥሎ አጠገቡ ስሙን ጽፏል። ልጡን ያቆየው አየር የማይደርስበት ረግረግ አፈር ነው፤ ፈረሰኛው ማን እንደሆነ ያወቅነው ግን ስሙን ስለጻፈ ነው።

እርስዎም ሥዕሉ በመጣበት ቀን ጀርባው ላይ፣ ታችኛው ጥግ፣ በእርሳስ ይጻፉ። ኤችቢ ወይም 2ቢ እርሳስ ይሁን፤ ወረቀቱ በፊቱ ተገልብጦ ንጹሕ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይተኛ፤ ሳይጫኑ ይጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ያትማል፤ ፓርከር ደግሞ ሰርጎ ያልፋል። የሚጻፈው ስም፣ ቀን፣ ዕድሜ በዓመትና በወር፣ ከዚያ ልጁ ስለ ሥዕሉ የተናገረው በራሱ ቃል። «ይህ ምንድን ነው?» አይበሉ፤ ልጁ ፈተና ይመስለዋል። «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ይበሉና እንደወረደ ይጻፉት። «ይሄ እኔ ነኝ፣ ይሄ ውሻው፣ ውሻው ተቆጥቷል፣ ዝናቡ ስለመታው» የሚል አንድ መስመር ከሥዕሉ እኩል ዋጋ አለው።

ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይለይ። ስልክዎ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ እርስዎ በእኛ ይጽፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠርና የ4 ዓመቷ ልጅ ሥዕል ገና ሳትወለድ የተሣለ ይመስላል። «ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለው ወሩን በስም ከጻፉ አይምታታም፤ በፈረንጅ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት።

የዕቃው ጠባይ ደግሞ የትኛው በራሱ እንደሚቆይ፣ የትኛው በፎቶ ብቻ እንደሚቆይ ይነግርዎታል። የእርሳስ መስመር ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያጠፋውም። ከለር ሰም ነው፤ ቀለሙ ይቆያል፣ ግን ሙቀትና ክብደት ሲያገኘው ከላዩ ባለው ወረቀት ላይ ይታተማል። ስለዚህ በየሥዕሉ መካከል አንድ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይግባ፤ ጋዜጣ ግን አይሁን፣ በውስጡ ያለው የእንጨት ሙጫ አሲድ እየፈጠረ ራሱም ይቢጫል፣ አጠገቡ ያለውንም ያቢጫል። ፓርከር ከሁሉ ቶሎ የሚጠፋ ነው፤ መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ በወራት ውስጥ ይገረጣል፣ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። ባለ ቀለም ደስታ ወረቀትም እንዲሁ ይገረጣል። እነዚህን ሁለቱን በመጡበት ቀን ፎቶ ያንሷቸው። ወፍራም የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አይጠቅለል፣ አይታጠፍ። ጠመኔ ይደበዝዛል፤ እንዲይዝ ተብሎ የፀጉር ስፕሬይ የሚረጩ አሉ፣ እሱ ከጊዜ በኋላ ይቢጫል።

ፕላስተር የወረቀት ጠላት ነው። ሙጫው መጀመሪያ ይቢጫል፣ ከዚያ ይቀልጥና ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ብቻውን ወልቆ ቡናማ እድፍ ይቀራል። የተቀደደ ሥዕል በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሁለቱን ቁራጮች በታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ አብረው ያስቀምጡ። ቀድሞ የተለጠፈውንም አይላጡት፤ የወረቀቱ ገጽ አብሮ ይነሣል። የስቴፕለር ሽቦ ስለሚዝግ ይውጣ፤ በጣት ሳይስቡ ከጀርባ ሁለቱን እግሮች በቀጭን ቢላዋ ጫፍ ቀጥ አድርገው ከፊት ያውጡት። የማሰሪያ ላስቲክም ይቀልጣልና ሥዕሎቹን በእሱ አይሰሯቸው። ላሚኔት ማድረግን አልመክርም፤ ማሽኑ በሙቀት ስለሚሠራ የከለሩን ሰም ያቀልጠዋል፣ አንዴ ከታሸገ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

እህል የተለጠፈበት ሥራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ መኮሮኒ፣ ጤፍ፣ ቤት ውስጥ ነቀዝና አይጥ ይጠራል። በዱቄት ማጣበቂያ የተለጠፈውን ደግሞ በረሮ ይበላዋል። ምርጡ መፍትሔ ፎቶ አንስቶ መሸኘት ነው። የግድ ይቀመጥ ከተባለ በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣ ሳይከፈት አንድ ቀን ይደር፣ አለዚያ ላቡ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ከዱቄትና ከጨው የተቦካ ሥራ እርጥበት እየሳበ ይሟሟል፤ ለእሱም ፎቶ ይበቃዋል። የጭቃ ሥራ ግን ከተጠነቀቁለት ይቆያል። በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከወጣ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ ከትቶ መጥበስ ሸክላ አያደርገውም፤ ለዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል፣ እርጥበት ካለውም ይፈነዳል። የሽቦና የቆርኪ መኪና ደረቅ ቦታ ካገኘ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ልጅዎ ራሱ አስቦ የሠራው ካለ ከካርቶኑ ውስጥ ቀዳሚው ቦታ የእሱ ነው።

ፎቶ ሲያነሱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐዩ ቀጥታ በማያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ይሁን። ፍላሽ ይጥፋ፤ ከለሩ ላይ ያብረቀርቃል። ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርገው ከላይ ይያዙት፤ ዘንበል ካለ ወረቀቱ አንድ ጎኑ ይጠብባል። ሰነድ ለማንሣት የተሠሩ መተግበሪያዎችን አይጠቀሙ፤ ወረቀቱን ለማንጣት ሲሉ ቀጭን የእርሳስ መስመር ያጠፋሉ። ጀርባውንም፣ ጽሑፉን፣ ያንሱ። ስካነር ካገኙ ለኤ4 ወረቀት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል፤ 2480 በ3508 ፒክሰል ይወጣዋል፣ በዚያው ልክ አሳምሮ ይታተማል። ብልጭልጭ ወይም እህል ያለበት ስካነር ላይ አይውጣ፣ መስታወቱን ይቧጭራል። የሚቆም የእጅ ሥራ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ይነሣ፤ አንዱን ደግሞ ልጁ በእጁ ይዞት፣ መጠኑ በዚያ ይታወቃል።

ፎቶው ስልክ ላይ ብቻ ከቀረ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ኢንተርኔት ላይ ወይም ዘመድ ቤት። ቴሌግራም ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ይጀምር፤ «2017-05-12-ቤታችን» ተብሎ ከተሰየመ በራሱ ተራውን ይይዛል። በዚህም አንድ አቆጣጠር መርጠው በእሱ ይጽኑ።

ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ለእናንተ ቤት ወሳኝ ነው። ግራውንድ ላይ ያለ ወለልና የውጭ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ያመጣል፤ አልጋ ሥር ደግሞ አየር አይንቀሳቀስም። ካርቶኑ የሻገተውም ከታች ጀምሮ መሆኑ ይህን ያሳያል። ፋይሎቹ ከውስጠኛው ግድግዳ በኩል ባለ ቁምሳጥን፣ ከወለል ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ብለው፣ ከግድግዳው አራት ጣት ርቀው ይቀመጡ። ወጥ ቤትና መታጠቢያ አጠገብ አይሁኑ። ምርጫው በሰኔ ቢያልቅም አይሸጉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ያለው ወረቀት እርጥበት ጠጥቷል፣ በፕላስቲክ ከታሸገ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። እስከ ጥቅምት ክፍት መደርደሪያ ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ፤ አየሩ ከደረቀ በኋላ ፋይል ውስጥ ይግባ። ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ከገዙ ለስላሳና ሽታ ያለውን ይተዉ፤ እሱ ከጊዜ በኋላ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ሲነካ የሚንኮሻኮሸው፣ ሽታ የሌለው ይሻላል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስድስት ቦታ ይበቃዋል፤ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ካለ ሌላ አያስፈልግም። በየወር ተኩሉ ይቀየር። ለዓመታት ፍሬም ውስጥ እንዲቆይ የሚፈልጉት ካለ ባለ ቀለም ኮፒውን ይስቀሉ፣ ዋናው ጨለማ ውስጥ ይቆይ። ዋናውን የግድ ካሉ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በዙሪያው የወፍራም ካርቶን ክፈፍ ይግባለት።

በየዓመቱ በልደታቸው ወይም በመስከረም 1 ለሁለቱም አንድ ኤ4 ወረቀትና አንድ እርሳስ ሰጥተው «ራስህን ሣል»፣ «ራስሽን ሣይ» ይበሏቸው። ወረቀቱም እርሳሱም በየዓመቱ ያው ይሁን። ሌላ ምንም ባይቀመጥ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ለእናትዎ ከተራረፈው አይላኩ፤ ልጆቹ ለእሷ ብለው ይሣሉ፣ ጀርባው ላይም መልእክታቸውን እነሱ እየነገሩዎት በትልልቁ ይጻፉላት። ሰው ሲሄድ ሥዕሉ ተጠቅልሎ አይሂድ። ከኤ4 በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ሁለት የካርቶን ጠፍጣፋዎች ቆርጠው በመካከላቸው በነጭ ወረቀት ሸፍነው ያስገቡት፣ አራቱን ማዕዘን በክር ይሰሩት፣ ለጉዞው ብቻ በፕላስቲክ ይክደኑት። በርበሬና ቅቤ ያለበት ሻንጣ ውስጥ ግን አይግባ፤ ቅባት አንዴ ወረቀት ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም።